የቀነስከው የመብራት ሒሳብ ማን ላይ ወደቀ?





ዛሬ ስለ መብራት ሒሳብ እናወራለን። «በጁሙዓ ቀን ስለ ቆጣሪ?» ትል ይሆናል። አዎ፣ ስለ ቆጣሪ። ብዙዎቻችን ከትልልቁ ወንጀል ስንጠነቀቅ የሰው ሐቅ በትንሿ ቀዳዳ ይገባብናል። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ቆጣሪም ይጋራል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በወሩ መጨረሻ ከመብራት ሒሳብህ ላይ 100 ብር ቢተርፍህ፣ ያ 100 ብር ከየት መጣ? ታባክነው ከነበረው ላይ ቀንሰህ ነው ወይስ ከጎረቤትህ ኪስ ወጥቶ ነው? ኪስህ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም አንድ ዓይነት መቶ ብር ናቸው። አላህ ዘንድ ግን አንድ አይደሉም።

ከራሴ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ሳንጃ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ሳንጃን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ቆላ ነው። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። በሙቀቱ ወራት ብዙ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበር ዘርግቶ ነው የሚተኛ።

በግቢያችን አራት ቤተሰብ ነበርን፤ ቆጣሪው አንድ። አከራያችን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አንዷ ክፍል ውስጥ ልጆቿን ይዛ የምትኖር፣ ሻይና ቡና ሸጣ የምታድር እህት ነበረች። ሌላዋ ክፍል ውስጥ ሥራ ፍለጋ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ እኛ አካባቢ ሳሉግ የምንለው ወጣት ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ። ሒሳብ ሲመጣ ለአራት እኩል ይካፈላል። የግቢው ደንብ ይህ ነበር።

እኔ ቬንትሌተር ነበረኝ። ስወጣም አላጠፋውም። «ስመለስ ክፍሉ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል» እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያላጠፋሁት ሒሳቡ እኩል ስለሚካፈል ነው። ባጠፋው ለእኔ የሚቀንስልኝ ሩቡ ብቻ ነው፤ ባበራው ሦስት አራተኛውን ሌሎች ይከፍሉልኛል። ይህን በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ልቤ ግን አስልቶታል።

አንድ ቀን ያ ወጣት ሒሳቡን ሲከፍል ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ያለችኝ አንዲት አምፖል ናት» አለኝ። ለአከራያችን አልነገራቸውም፤ ለእኔ ነው የነገረኝ። እንድናገርለት ፈልጎ ነበር። «ምን እናድርግ፣ የግቢው ደንብ ነው» አልኩት። እሱም ዝም አለ።

በኋላ ቁጭ ብዬ በግምት አሰላሁት። እናንተም አብራችሁኝ አስሉ።

መብራት የሚሰፈረው በኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ ማለት ነው። የወጣቱ አምፖል ባለ 9 ዋት ናት፤ ማታ ማታ አምስት ሰዓት ብትበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የስልኩን ቻርጅ ጨምረህ ሁለት በለው። የእኔ ቬንትሌተር ባለ 70 ዋት ነው፤ ቀንና ሌሊት ሲዞር በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሌላ ሌላውን ጨምሬ የእኔ 55 ነው። እማማ በወር ስድስት ቀን ያህል እንጀራ ይጋግራሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት፣ አምፖሉ ተደምሮ፣ የእሳቸው ወደ 50 ይመጣል። የሻይዋ እህት ባለ 1,000 ዋት ምድጃ በቀን አምስት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብታበራ 130 ነው።

ድምሩ 237። ለአራት ሲካፈል እያንዳንዳችን ላይ 59 አካባቢ ይወድቃል። ሁለት ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመው ልጅ የ59 ከፈለ። ወደ ሠላሳ እጥፍ ማለት ነው። በግቢው ውስጥ ከሁላችን ያነሰ የተጠቀመ እሱ፣ ከፍጆታው አንጻር ከሁላችን የበለጠ የከፈለም እሱ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አገራችን ውስጥ የቤት መብራት ዋጋ በእርከን ነው። በ2011 ዓ.ም ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ታሪፍ የቤት ተጠቃሚውን በሰባት እርከን ከፈለ፤ የመጀመሪያው በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ ለሚጠቀም ነው። የመጀመሪያው እርከን ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም አካባቢ ሲሆን የመጨረሻው እርከን ደረጃ በደረጃ ጨምሮ ከ2 ብር አልፎ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ መጥቷል። የእርከኑ ሐሳብ መልካም ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም ሰው በርካሽ እንዲያገኝ ነው። ቆጣሪ ግን ቤተሰብ አይቆጥርም፤ ድምር ነው የሚቆጥረው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ለብቻው ቢሆን በዝቅተኛው እርከን የሚቀር ሰው በጎረቤቶቹ ዋጋ ይከፍላል። ለድሃ ታስቦ የወጣው ዋጋ ድሃው ክፍል ሳይደርስ ግቢው በር ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄው የቁጠባ ብቻ አይደለም። የስፍር ጥያቄ ነው።

የቆላ ሰው ስለ ስፍር አይነገረውም። ሰሊጥ ሸጠህ ታውቃለህ። ገበሬው ክረምቱን ሙሉ አርሞ፣ አጭዶ፣ ሂላ አቁሞ፣ አራግፎ ያመጣውን ሰሊጥ ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ዓይንህ የት ነው የሚሆነው? ሚዛኑ ላይ ነው። ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ ቢያጎድልብህ ደምህ ይፈላል። እውነትህን ነው። ከቁርኣን 83ኛዋ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ሰዎች ነው፤ ለራሳቸው ሲሆን ሙሉውን ከሚያስከብሩ፣ ለሌላው ሲሆን ከሚያጎድሉ ሰዎች። የነብዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) ሕዝቦችም ከተወገዙበት ነገር አንዱ ይኸው ስፍርና ሚዛን ማጉደል ነው።

ታዲያ ኪሎዋት ሰዓት ስፍር አይደለም? በኪሎ ስላልተመዘነ፣ በዓይን ስላልታየ ሐቅነቱ ይቀራል? በሰሊጥ ሚዛን የሚቆጣ ሰው በመብራት ቆጣሪ ዝም ካለ፣ የተቆጣው ለሚዛኑ አልነበረም፤ ለራሱ ኪስ ነበር። እኔ ያኔ እንዲያ ነበርኩ።

ወንድሜ፣ የመብራት ሒሳብ የሚቀንስበት መንገድ ብዙ ነው። ሦስቱ ግን ቅነሳ ይምሰሉ እንጂ ቅነሳ አይደሉም።

የመጀመሪያው ስርቆት ነው። ከቆጣሪው በፊት ሽቦ ማስቀጠል፣ ቆጣሪ ማስነካካት፣ ላንባቢው ጉርሻ ሰጥቶ ቁጥር ማስቀነስ። «የመንግሥት ነው፣ ማንን ይጎዳል?» የሚል ሰው አለ። የሕዝብ ሐቅ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ብዙ ነው። ያንዱን ሰው ሐቅ የበላ ሄዶ «አፉ በለኝ» ይለዋል። የሕዝብን የበላ በር ለበር ዞሮ ማንን አፉ በለኝ ሊል ነው? በዚያ ላይ ያለ ልክ የተቀጠለ ሽቦ ይግላል፤ የሚነደው ደግሞ የአንተ ክፍል ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው የእኔ ዓይነቱ ነው፤ ማስተላለፍ። ሒሳቡ እኩል ስለሚካፈል ወይም ከኪራዩ ጋር ተደምሮ ቁርጥ ስለሆነ እንደ ልብ ማብራት። የራስህን ልብስ መተኮስ አልበቃህ ብሎ የወንድምህንም የጓደኛህንም አምጥተህ መተኮስ። በጠባብ ደመወዝ የሚኖር ሰው ነህና ያተረፍክ ይመስልሃል። አላተረፍክም። ዕዳውን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጠኸዋል።

ሦስተኛው መከልከል ነው። ይህ የአከራይ ፈተና ነው፤ የቤት አባወራም ፈተና ነው። ሕፃን በሙቀት ሲያለቅስ፣ የታመመ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲያድር «ቬንትሌተር አይበራም፣ ቆጣሪ ይሮጣል» ማለት። ሒሳቡ በእርግጥ ይቀንሳል። የቀነሰው ግን ከሰው ጤና ላይ ነው። ኢስራፍ ከሚያስፈልግ በላይ መውሰድ ነው፤ የሚያስፈልገውን መንፈግ ደግሞ ቁጠባ አይባልም። ንፉግነትና ብኩንነት ሁለቱም የተወገዙ ናቸው፤ መንገዱ በመሃላቸው ነው። ሰው ባለበት ክፍል የሚዞር ቬንትሌተር ጉዳይ ነው፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚዞር ቬንትሌተር ብክነት ነው። ዕቃው አንድ ነው፤ ዋቱም አንድ ነው። የለየው በክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ቆጣሪው አንድ ከሆነ እንዴት ብንካፈል ነው ፍትሕ?

«እኩል» የሚለው ቃል ደስ ይላል። እኩል መካፈል ግን ፍትሕ የሚሆነው የተጠቀምነው ሲቀራረብ ነው። ካልተቀራረበ እኩልነቱ ራሱ በደል ይሆናል፤ ከላይ አይተነዋል።

«በነፍስ ወከፍ እናድርገው» የሚል ይኖራል። ከእኩሉ ይሻላል፤ ግን አራት ልጅ ያላትን እናት በልጆቿ ቁጥር ይቀጣታል። አራት ልጅ በአንዲት አምፖል ሥር ያጠናል፤ አምፖሏ ለአራት ተባዝታ አትቆጥርም።

«በዕቃ እናድርገው፤ ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል» የሚልም አለ። ይህ ወደ እውነት ይቀርባል። ከዚህ የሚበልጠው በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ አስገጥሞ እያንዳንዱ የራሱን ማንበብ ነው፤ ክርክሩን ይዘጋል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቤን ይይዘዋል። በግቢያችን በቆጣሪ ቢሰፈር ኖሮ ከሁሉ የሚከብዳት የሻይዋ እህት ነበረች። ልጆቿን የምታሳድረው በዚያች ምድጃ ነው። በእኩሉ ክፍፍል ከ130ው ላይ የምትከፍለው 59 ብቻ ነበር። «ታዲያ እኩሉ ለእሷ ረድኤት አልነበረም?» ልትል ትችላለህ። ነበር። ግን የረዳት ማን ነው? ያ ልጅ ነው። ሳይጠየቅ፣ ሳያውቅ፣ ከእሷ የባሰ ድሃ ሆኖ ሳለ። ሶደቃ በፈቃድ የሚሰጥ ነው። ሰው ሳይፈቅድ ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ለየትኛውም መልካም ነገር ቢውል ሶደቃ አይባልም። እኔ እሷን መርዳት ብፈልግ ከራሴ ኪስ አወጣለሁ እንጂ በዚያ ልጅ ኪስ ቸር አልሆንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይመስለኛል፦ መጀመሪያ ሐቅ፣ ቀጥሎ ቸርነት። መጀመሪያ እያንዳንዱ የተጠቀመውን ይወቅ። ከዚያ ግቢው ተሰብስቦ «ለዚህች እህት ከየድርሻችን ትንሽ እንጨምርላት» ቢል፣ ያ ሶደቃ ነው፤ ምንዳም አለው። ልኩ ሳይታወቅ የሚደረግ ቸርነት ግን ብዙ ጊዜ የሚቆረሰው ዝም ካለው ሰው ላይ ነው።

ለአከራዮችም አንድ ቃል አለኝ። ሒሳቡ 600 ብር መጥቶ «900 መጣ» ብሎ መሰብሰብ ውሸት ነው፤ የተሰበሰበውም ሐቅ አይደለም። «ለመብራት በወር ይህን ያህል ትከፍላለህ» ብለህ ቀድመህ ከተስማማህ፣ እሱ ውል ነው፤ ተከራዩም አውቆ ገብቶበታል። ልዩነቱ እውነት መናገርህ ላይ ነው። የሒሳቡን ወረቀት ወይም በቴሌብር የከፈልክበትን መልእክት ለተከራዮችህ አሳያቸው። የሚያሳይ ሰው አይጠረጠርም።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። የአላህ ቃል ለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ቦታ ከሰጠ፣ «እኛ እንተማመናለን» ብለን መጻፍ አይናቀን። የአገሪቱ ሕግም ወደዚሁ መጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይደነግጋል። እናንተ ጋ አዋጁ ሥራ ላይ ይዋልም አይዋልም፣ አንድ ወረቀት ላይ «መብራት እንዲህ ይካፈላል፣ ምጣድ በዚህ ቀን ይበራል» ብሎ መጻፍ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ቆጣሪው ላይ ያለውንም ቁጥር በገባህበት ቀን ጻፈው። ካንተ በፊት የነበረው ሰው ዕዳ አይጫንብህም፤ ያንተም ከአንተ በኋላ በሚመጣው ላይ አይጫንም።

አከራይህ ወይም ጎረቤትህ ክርስቲያን ከሆኑስ? ምንም ለውጥ የለውም። ሐቅ የባለቤቱን ሃይማኖት አይጠይቅም። እንዲያውም እንደኛ ባለ አገር፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚኖርበት፣ ሰው ዲንህን የሚያነበው ከኪታብ አይደለም። ሒሳብ ሲካፈል ካንተ ሁኔታ ነው።

«ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? አሁን እኮ መብራት ሞልቷል» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። በእኛ በኩልም ከጎንደር በሸህዲ አድርጎ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገር ከፍተኛ መስመር አለ። ግን መሙላቱ ማባከንን ሐላል አያደርገውም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ ሲያደርጉ አንድ ሙድ ውሃ ይበቃቸው እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ እፍኝ ያህል ነው። ልክ ማወቅ የሚለመደው ነገሩ ሲጠፋ ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ መስመሩ ካናቱ እያለፈ ዛሬም በኩራዝና በባትሪ የሚያመሽ ወገን አለን። አንተ ጋ የሞላ ሁሉ ጋ የሞላ እንዳይመስልህ።

ስለ መብራት በቀጥታ የተነገረም አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ አዝዘዋል። ምክንያቱንም ሰጥተዋል፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤተሰቡን በእሳት እንዳትፈጅ። ዛሬ ክር የለም፤ የሚግል ሶኬት፣ የተላጠ ሽቦ፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተደራረበ ምድጃና ካውያ ግን አለ። ከመተኛትህ በፊት አንድ ዙር ዞረህ ማጥፋት ሒሳብ ይቀንሳል፤ ነፍስም ያድናል።

የኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝም ታሪክ ይነገራል። ሌሊት የሕዝብን ጉዳይ የሚያዩት በሕዝቡ ገንዘብ በሚነድ መብራት ነበር። እንግዳው ስለ ራሳቸውና ስለ ቤተሰባቸው ሲጠይቃቸው ያንን አጥፍተው የግላቸውን አስመጡ ይባላል። ያ መብራት ስንት ሳንቲም ይበላ ነበር? ምንም ያህል። ግን «ይህ ብርሃን የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ በሳንጃዋ ክፍል ውስጥ ያልጠየቅኩት ይህንን ነው።

እሺ፣ ሐቅን ሳንነካ ሒሳባችንን በምን እንቀንስ? ሐላል የሆነው መንገድ ሞልቷል።

ትልቁ ምጣድ ነው። አንድ ሰዓት የሚበራ ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ፣ ባለ 70 ዋት ቬንትሌተር 50 ሰዓት የሚዞርበትን ይበላል። ምጣድ ብዙ የሚበላው ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስኪግል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ሁለት እንጀራ ከመጋገር በአንድ ሙቀት ሰብሰብ አድርጎ መጋገር ይሻላል። በግቢ ያላችሁ እህቶች፣ በአንድ ቀን ተራ ይዛችሁ ምጣዱ ሳይበርድ ብትከታተሉበት ሁላችሁም ታተርፋላችሁ። የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ላይ ሲደረስ ማጥፋት ይቻላል፤ የተጠራቀመው ሙቀት ያበስላቸዋል።

አሮጌውን ባለ 60 ዋት ክብ አምፖል በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ለውጥ፤ ብርሃኑ ይቀራረባል፣ ፍጆታው ከስድስት እጅ አንድ እጅ አይሞላም። ፍሪጅህን ከግድግዳው ራቅ፣ ከፀሐይ ዞር አድርገው፤ ትኩስ ድስት አታስገባበት። በሩ ላይ ወረቀት አጣብቀህ ዝጋና ሳበው፤ ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ላስቲኩ አልቋል፣ ቅዝቃዜው እየወጣ ነው። ውሃ ስታፈላ የምትጠጣውን ያህል ብቻ አፍላ። ልብስ በየቀኑ አንድ አንድ ከመተኮስ በሳምንት አንድ ቀን ሰብስብ። ቬንትሌተር የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን አይደለም፤ ስትወጣ አጥፋው። እኔ «ክፍሉ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል» ያልኩት ውሸት ነበር።

አንድ ፈተናም አለ። ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋግራችሁ ሁሉንም ዕቃ ንቀሉና ቆጣሪውን እዩት። ምንም ሳይበራ ቁጥሩ የሚሄድ ከሆነ ወይ ሽቦው ችግር አለበት፣ ወይ ሌላ ሰው ተቀጥሎበታል። ባለሙያ ጥሩ፤ ወይም 905 ደውላችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ።

በዚህ መንገድ የተረፈች 100 ብር ንጹሕ ናት። ማንም አላለቀሰባትም።

አሁን ልጨርስ። ያ ልጅ የሰሊጥ ሥራው ሲያልቅ ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ሄደ። ስሙን አውቃለሁ፤ አገሩን ግን አልጠየቅኩትም። ስንት ወር የእኔን ቬንትሌተር እንደከፈለ አስቤ፣ ገንዘቡን ለይቼ አስቀምጬ ፈለግኩት። ዑለማዎቻችን ተውበት ላይ የሚነግሩን ነገር አለ፤ በአንተና በአላህ መካከል ያለው ወንጀል በመጸጸትና በመተው ይታጠባል፤ የሰው ሐቅ ያለበት ግን ሐቁ ለባለቤቱ እስኪመለስ ወይም ባለቤቱ አፉ እስኪል ይቆያል። ባለቤቱ ካልተገኘ በስሙ ሶደቃ ይሰጣል፤ ከተገኘ ግን መብቱ የእሱ ነው። እኔም በስሙ ሰጠሁ። አሁንም ግን ከጎንደር በሚመጣ አውቶቡስ ላይ የሚወርዱ ልጆችን ፊት አያለሁ።

የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ትንሽ ብር ነበር። የሚቆጨኝ «ያለችኝ አንዲት አምፖል ናት» ሲለኝ ዝም ማለቴ ነው። በዚያች ሰዓት አንድ ዐረፍተ ነገር ለእማማ መናገር ይበቃ ነበር። በኋላ ለእማማ ነገሩን ስነግራቸው ምን አሉኝ? «ምነው ልጄ፣ ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ ምን አውቄ!» አሉ። ማንም ክፉ አልነበረም። ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ ቆጣሪው ዘንድ ጥቂት ቁሙ። ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ግቢያችሁን ዞር ብላችሁ እዩና «ከእኛ ውስጥ ትንሿ አምፖል የማን ናት? እሱ ስንት ነው የሚከፍለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሒሳቡ ያልተስተካከለ ከሆነ ያ ሰው እስኪናገር አትጠብቁ። ባለ አንድ አምፖል ሰው ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ አንዴ ከተናገረም አይደግመውም።

ያ አላህ! ከሐላሉ አብቃቃን፣ ከሐራሙ ጠብቀን። የሰው ሐቅ በአንገታችን ላይ እያለ ወደ አንተ አትውሰደን። በዳዮች ሆነን የተበደሉብን ሰዎች አፉ እንዲሉን ልባቸውን አራራልን። ቤቶቻችንን በብርሃን፣ ልቦቻችንን በኢማን ሙላልን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ።